ዳቢ፣ ወራጅ አለ!

አዲስ አበባ ውስጥ ለፌርማታ ስም ለማውጣት ማንም ተሰብስቦ አያውቅም። አንድ ትልቅ ዛፍ የነበረበት ቦታ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም «ዛፉ ጋ» ይባላል። አንዲት ሴትዮ ሻይ የሸጠችበት ጥግ ሴትዮዋ ልጅ ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ሰፈር ቀይራ ከሄደች በኋላም በእሷው ስም ይጠራል። ቤቱ ቀድሞ ይሠራል፣ ስሙ በኋላ ይመጣል፤ ስሙን የሚያመጣው ደግሞ የተማረ ሰው ሳይሆን የታክሲ በር ላይ በአንድ እጁ የተንጠለጠለ፣ ድምፁ የሻከረ፣ ቁርሱን ያልበላ ወያላ ነው። ይህን የሚጠራጠር ካለ ደግፌን ይጠይቅ። ደግፌ አንድ ሰፈር ከነነዋሪው ሰይሟል። ችግሩ፣ ሲሰይመው ምን እያለ እንደነበር አለማወቁ ነው።

ደግፌ ዛሬ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አየር ጤና ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪ ነው፤ ሰልፍ ያስይዛል፣ ሰልፍ የሚሰብረውን አንገት ያስደፋል፣ የሞላውን መኪና ጎኑን በመዳፉ መትቶ «ሳበው!» ይላል። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ከባንኮኒው ጀርባ እንዲቆም ተመኙ፤ እሱ ግን የመኪና በር ላይ መቆም መረጠ። «ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣ ትጠብቃለህ፤ ታክሲ ላይ ግን ሄደህ ትጠራዋለህ» ይላል እስከ ዛሬ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ቁመቱ አጠር፣ ድምፁ ወፈር ያለ ነው። ውሸት አይሆንለትም፤ ሊዋሽ ሲል እጁ ሳያዝዘው ሄዶ የግራ ጆሮውን ይነካል። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፣ ከራሱ ከደግፌ በቀር።

ቤቱ ዳቢ ነው። ከአየር ጤና ቁልቁል ወርደው ወንዙን ሊሻገሩ ጥቂት ሲቀርዎት፣ ግራና ቀኙን ፎቅ የወረሰው ሰፈር ዳቢ ይባላል። ዳቢ ፋርማሲ አለ፣ ዳቢ ሥጋ ቤት አለ፣ ዳቢ ኮንዶሚኒየም አለ። ዳቢ ካፌ ቁጥር ሁለት አለ፤ ቁጥር አንድ የት እንዳለ ግን ማንም አያውቅም። «ዳቢ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ» የሚባልም አለ፤ የደግፌ ሚስት ጉዲቱ በበሩ ባለፈች ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እሷ ስትስቅ ደግፌ መንገድ ማዶ ያለ ሰው ሰላም የሚል ይመስል ፊቱን ያዞራል።

በ1988 ዓ.ም. ይህ ሁሉ አልነበረም። ከአየር ጤና ወዲያ ከተማው ይደክመው ነበር። አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንቹ ይቀጥላል፣ ኮረኮንቹ ያልቅና ጭቃው ይቀጥላል። ወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ ይበቅላል፣ ከብት ይግጣል፣ ሴቶች ብርድ ልብስ አጥበው ድንጋይ ላይ ያሰጣሉ። እዚያ የሚኖር ሰው ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠየቅ «ከአየር ጤና ወዲያ» ይልና እጁን ወደ ምዕራብ ያወዛውዛል። የተቀረውን ጠያቂው በእግሩ ይጨርሰዋል።

ደግፌ ያኔ የጋሽ ፈቀደ ውይይት ላይ ረዳት ሆኖ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር። ውይይት ማለት ከኋላዋ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር የተገጠመላት፣ ተሳፋሪ ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት ታክሲ ናት፤ እንደዚያ ተቀምጦ ዝም ማለት ስለማይቻል ስሟም ውይይት ሆኖ ቀረ። መስመሯ ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ነው፤ ሰው ከተገኘ እስከ ወንዙ ድልድይ ትወርዳለች። ጋሽ ፈቀደ ደግፌን ሲቀጥሩት የሰጡት ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ «ፌርማታዎቹን በቃልህ ያዝ። ሌላው ይደርሳል» አሉት። ደግፌም ሱሪው ኪስ ውስጥ አንዲት ወረቀትና ጉማጅ እርሳስ ይዞ ይዞር ጀመር።

በዚያ በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ሁለት ባዶ የወተት ጀሪካን አንጠልጥለው ጦር ኃይሎች ላይ ተሳፈሩ። ኦቦ ገሜዳ ይባላሉ። ወንዙ ዳር አያት ቅድመ አያታቸው የኖሩበት ቦታ ላይ ከብት ያረባሉ፤ ጠዋት ወተት ይዘው ወደ ከተማ ይወጣሉ፣ ከሰዓት ባዶ ጀሪካን ይዘው ይመለሳሉ። አማርኛ ያውቃሉ፤ የሚያውቁት ግን ሲረጋጉ ነው። ሲጣደፉ የሚመጣላቸው ኦሮምኛ ነው። ያን ቀን ደግሞ መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ በረረችና ቤታቸውን ልታልፈው ሆነ። ኦቦ ገሜዳ ጣሪያውን በመዳፋቸው እየደበደቡ «ዻቢ! ዻቢ!» አሉ።

«ዻቢ» በኦሮምኛ «አቁም» ማለት ነው። ይህን መኪናው ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ያውቃል። ደግፌ ግን ጉራጊኛውን እንጂ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አልነበረውም። ሰውየው የሚወርዱበትን ፌርማታ የነገሩት መሰለው። ምላስ ወደ ላይ ታጥፋ የምታፈነዳዋን «ዻ»ም እንዳቅሙ አለሰለሳትና «ዳቢ፣ ወራጅ አለ!» ብሎ ለጋሽ ፈቀደ አስተላለፈ። መኪናዋ ቆመች፣ ሰውየው ወረዱ። ደግፌ ወረቀቱን አወጣና «ከአየር ጤና ቀጥሎ፣ ከድልድዩ በፊት፦ ዳቢ» ብሎ ጻፈ። ማንም ሳይነግረው ፌርማታ ማግኘቱ አኮራው።

በማግስቱ ጦር ኃይሎች ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ። «አየር ጤና፣ ዳቢ! አየር ጤና፣ ዳቢ! የሞላ!» ኦቦ ገሜዳ ጀሪካኖቻቸውን እንደያዙ ይህን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጁን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉና ተሳፈሩ።

ጋሽ ፈቀደ ያ ቁልቁለት ላይ መቆም አይወዱም ነበር። ፍሬኑ አርጅቷል፣ መንገዱ ያንሸራትታል። «አንድ ሰውዬ ለማውረድ መኪናዬን ወንዝ ልክተት? ድልድዩ ላይ ይውረዱና በእግራቸው ይመለሱ» ይላሉ። ሌሎቹ ታክሲዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ አንዳንዶቹማ ወተት የሸተተ ጀሪካን ገና ከሩቅ ሲያዩ ማርሽ ይቀይራሉ። ደግፌ ግን በጄ አላለም። «ጋሽ ፈቀደ፣ ፌርማታ ነው እኮ! ስም ያለው ፌርማታ እንዴት ይዘለላል?» ብሎ ጣሪያውን ይደበድባል። ክረምት ሲገባ ከኋላ ጎማው ሥር የሚወሽቀው ድንጋይ ወንበር ስር ማስቀመጥ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ዳቢን አላለፈም።

ጉዲቱ የኦቦ ገሜዳ ልጅ ናት። አባቷ ወገባቸውን ሲያማቸው ጀሪካኑን ይዛ የምትወጣው እሷ ነበረች። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው፤ አይኗ ትልልቅ፣ ምላሷ ፈጣን። ደግፌ «የት ነሽ?» ሲላት «ዳቢ» ትለውና ሳቅ ያፍናታል። ደግፌ ሳቁን ለራሱ ወሰደው። ጸጉሩን በየሳምንቱ መስተካከል ጀመረ፣ ከአንገቱ ላይ ስካርፍ አይጠፋም። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሳቀችለት በኋላ ሽማግሌ ላከ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ ጋሽ ፈቀደ ነበሩ።

ጋሽ ፈቀደ ከዚያ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «የልጅቱ አጎት፣ ያ የአይሱዙ ሾፌሩ፣ 'ልጃችንን ለወያላ አንሰጥም' ብሎ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል» አሉት። «አለቀልን ስል አባትየው ተነሡ። 'ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በቋንቋዬ የተጣራልኝ ነው። እኔን አክብሮ፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ ዻቢ እያለ፣ አቁሙ እያለ። አንተ ወንድሜ መኪና ይዘህ ስንት ጊዜ ቆምክልኝ?' አሉት። አጎትየው ጭጭ! ተሰጥተሃል!»

ደግፌ መደሰት ሲገባው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ቆይ፣ ጋሽ ፈቀደ፣ 'ዳቢ' ማለት… ምን ማለት ነው አሉ?»

«አቁም ማለት ነዋ! እኔስ ዛሬ ነው የሰማሁት። አንተ እያወቅክ አይደል እንዴ ስትጠራ የኖርከው?»

ደግፌ የግራ ጆሮውን ነካ። «አውቄ እንጂ» አለ።

እንዲህ ሆኖ ተዳረ። አማቱ እስኪያርፉ ድረስ በሰው ፊት «በቋንቋዬ የተጣራልኝ ልጄ» ይሉት ነበር፤ ደግፌ ይህን በሰማ ቁጥር የሚገባበት ቀዳዳ ይፈልጋል። ማታ ማታ ከጉዲቱ ኦሮምኛ ተማረ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አቀላጠፈው። ቋንቋውን ባወቀው መጠን ግን እፍረቱ ባሰበት። ሚስቱን የሰጡት ባልሠራው መልካም ሥራ ነዋ! ጋሽ ፈቀደ ከአምስት ዓመት በፊት ሲያርፉ እውነቱን የጠረጠረ የመጨረሻው ሰው ሄደ ብሎ አሰበ፤ አልቅሶም ነበር፣ ትንሽ ደግሞ ቀለል ብሎት ነበር፣ ለዚህም እንደገና አፈረ።

ስሙ ግን ማንንም አልጠበቀም። ሌሎች ረዳቶች ከደግፌ አፍ ቀሙት። በጨረቃ ተተክሎ ጠዋት ጭስ የሚያወጣ ቤት በወንዙ ዳር በዛ፣ የቤቱ ባለቤትም አድራሻ ሲጠየቅ ዳቢ አለ። ቀለበት መንገዱ ተሠራ፣ አስፋልቱ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ኮንዶሚኒየሙ ተነሣ፣ ከየአቅጣጫው ሰው ገባ። ከብቶቹ ወደ ሆለታ አቅጣጫ አፈገፈጉ፤ ጎመኑ ግን እስከ ዛሬ ድልድዩ ስር አለ፣ እልከኛ ነው። ኦሮምኛ የሚናገሩት አዳዲስ ጎረቤቶች እንኳ ያ የለሰለሰ «ዳ» አሳስቷቸው የሰው ስም ይመስላቸዋል። ጉዲቱ አልፎ አልፎ ታሪኩን ለሰው ልትነግር ስትል ደግፌ ይቆጣል። «ተይ እባክሽ፣ ጉራ ይመስላል!» ይላታል። እሷም «ይሄ ትሕትናህ» ትለውና ትተወዋለች።

እንዲህ እያለ ሃያ ስምንት ዓመት ኖረ። ዘንድሮ ግን ከወረዳው ዮዲ የምትባል ወጣት ሠራተኛ አንድ ፎርም ይዛ መጣች። ወንዙ ዳር እየለማ ነው፤ ፌርማታው አዲስ መጠለያ፣ መጠለያውም የብረት ሰሌዳ ሊኖረው ነው። ሰሌዳው ላይ የሰፈሩ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ በሦስት መስመር የስሙ ታሪክ ይጻፋል። ዕድሩ ተሰብስቦ ይስማማ፣ ቦታውን ሠላሳ ዓመት የሚያውቅ አንድ ምስክርም ይፈርም ተብሏል። «ፎርሙ እስከ ሰኞ ካልመጣ ግን» አለች ዮዲ ትንሽ አፍራ፣ «ሰሌዳው በአቅራቢያው ባለው ትልቅ ሕንፃ ስም ነው የሚሠራው።»

ትልቁ ሕንፃ ማዶ የቆመው ባለ መስታወቱ ነው። ስሙ «ሪቨር ቪው ሌግዠሪ ሬዚደንስ» ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ወያላ ይህን እንዴት ይጠራዋል? እስኪጨርሰው መኪናው ሞልቶ ይሄዳል።

የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ወንድይፍራው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ታሪክ ሲጎድል ዝም ብለው ማየት አይችሉም። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስቱን መስመር አዘጋጅተው ጨረሱ፤ ፊታውራሪ አባ ዳቢ የሚባሉ ታላቅ ሰው ነበሩ፣ ዳቢ ፈረሳቸው ነው፣ ፈረሱ ከዚህ ወንዝ በቀር ከሌላ ውሃ አይጠጣም ነበር። «ምንጩ ምንድን ነው?» ሲባሉ «ምንጩማ ወንዙ ነው» ብለው ይስቃሉ። ዳቦ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ተናኘ በበኩላቸው ዳቢ የመጣው ከዳቦ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ዳቦ ቤታቸው ከተከፈተ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ መሆኑ ቅንጣት አላሳሰባቸውም። አቶ ወንድይፍራው ዓርብ ዕለት ደግፌን ታክሲ ተራው ድረስ ሄደው ያዙት።

«አቶ ደግፌ፣ በዚህ መስመር ከእርስዎ የቆየ የለም። ለፈረሱ ይፈርሙልን።»

«እኔ ፈረስ አላየሁም እኮ፣ የኔታ።»

«ማንስ አይቷል? ስሙን እናድን እንጂ! ወይስ ሪቨር ቪው ይሻልዎታል?»

ደግፌ «እስቲ ነገ» ብሎ አንድ ሰልፍ የሰበረ ሰውዬ ላይ በማይገባው መጠን ጮኸበት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉዲቱ ቂንጬ አቅርባለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ዛሬ ስብሰባው ላይ ትነግራቸዋለህ አይደል?»

«ምኑን?»

«አባዬን እንዴት በቋንቋው እንደተጣራህለት ነዋ። እነሱ በሌለ ፈረስ ሲጋልቡ ዝም ልትል ነው? አባዬ ስልሳ ዓመት እዚህ ወንዝ ላይ ኖሮ አንድ ፊታውራሪ ውሃ ሲጠጣ አላየም።»

«ጉራ ይመስላል፣ ጉዲቱ።»

«ጆሮህን ምን ነካው?»

«ምንም አልነካውም!» አለና እጁን አወረደ።

ቂንጬውን በማንኪያ እያገላበጠ አሰበ። ፈረሱን ቢፈርም ስሙ ይተርፋል፣ አማቱ ግን ከገዛ መሬታቸው ላይ ይፋቃሉ። ጉዲቱ የምትለውን ቢናገር ያልሠራው ደግነት በብረት ላይ ይጻፍለታል፤ በየቀኑ ከሥሩ ቆሞ ታክሲ ሊጠብቅ ነው። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ጉዲቱ የአባቷ ምርቃት በስሕተት ላይ እንደቆመ ዛሬ፣ በሰው ፊት ልትሰማ ነው። እሷ ይህን ሰምታ «ታዲያ ለምን አገባሁህ?» ብትለው ምን ይላታል? ስሙ ቢጠፋ አንድ ነገር ነው። እሷ በሌላ አይን ብታየው ግን እንዴት እንደሚኖር አላወቀም።

የዕድሩ አዳራሽ የቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ያጥናል። ወደ ሰማንያ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቧል፣ ዮዲ ፎርሟን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታለች። አቶ ወንድይፍራው ፈረሱን ከነኮርቻው አቀረቡት፤ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲናገሩ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ኮቴውን የሰሙ ይመስሉ ነበር። ተጨበጨበ። «ምስክራችን አቶ ደግፌ ናቸው» ብለው ብዕሩን ዘረጉለት።

ደግፌ ተነሥቶ ብዕሩን ተቀበለ። ከፎርሙ ላይ «እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለውን አነበበ። እጁ ወደ ግራ ጆሮው መንገድ ሲጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ራሱን ያዘው። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መለሰ።

«ፈረስ የለም» አለ። የታክሲ ተራው ድምፅ ነው የወጣው። «ፊታውራሪም የለም፣ ዳቦም የለም፣ ወይዘሮ ተናኘ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዳቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በሰማንያ ስምንት ዓ.ም.፣ ረዳት በሆንኩ በአራተኛው ቀን። አማቴ ኦቦ ገሜዳ መኪናው ሊያልፋቸው ሲል ዻቢ አሉ። አቁም ማለታቸው ነው። እኔ ምኑን አውቄ! የሰፈር ስም መሰለኝ። ጽፌ ያዝኩት፣ በማግስቱ ጮኽኩት፣ ሁለት ዓመት ጮኽኩት። እሳቸው በቋንቋዬ ተጣራልኝ ብለው ልጃቸውን ሰጡኝ። አልተጣራሁላቸውም። ቃሉን አላውቀውም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ዝም አልኩ። ይኸው ነው።»

ደግፌ አይኑን አንሥቶ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት አየ። ጉዲቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታለቅሳለች ብሎ አሰበ።

«ማለት» አሉ አቶ ወንድይፍራው ቀስ ብለው፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'አቁም' በሚባል ሰፈር ነው የኖርነው?»

«ማሠልጠኛው!» ብሎ ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ። «አቁም የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ!» ከዚያ በኋላ ሥርዓት ያለው ስብሰባ አልነበረም። ወይዘሮ ተናኘ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ፣ ሰው ወንበር መታ፣ ቆርቆሮው ተንጫጫ። ዮዲ እንኳ ፎርሟን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ጋሼ» አለችው ድምፅዋን ስታገኝ፣ «ለፌርማታ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ፌርማታ አቁም ካልተባለ ምን ሊባል ነው?»

እጅ ወጣ፣ ሁሉም ደገፈ። አቶ ወንድይፍራው «ፈረሱስ?» ብለው አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ «ፈረሱ ወራጅ አለ!» ተብለው በሳቅ ተሸነፉ፣ መጨረሻ ላይም እሳቸው ራሳቸው ሳቁ። ዮዲ ሦስቱን መስመር ጽፋ አነበበች። «ዳቢ በኦሮምኛ አቁም ማለት ነው። ቃሉን ኦቦ ገሜዳ ተናገሩት። ረዳት ደግፌ ሳይገባው ጮኸው።» ቀና ብላ አየችውና «'ሳይገባው' የሚለውን ላውጣው?» አለችው።

«ተይው፣ የኔ ልጅ» አላት። «እሱ ነው እውነቱ።» ፈረመ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጉዲቱ ቀድማው፣ እሱ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ከሥራቸው ያ እልከኛ ጎመን ይታያል። ደግፌ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«አስለቀስኩሽ» አላት።

«እኔን?» አለችና ዞረች። አይኗ አብጧል፣ ጉንጯ ረጥቧል፤ ፊቷ ግን የሳቅ ነው። «ጎኔ እስኪወጋኝ ነው የሳቅኩት! ሃያ ስምንት ዓመት ስጠብቅህ! በየጊዜው 'ንገራቸው፣ ንገራቸው' የምልህ፣ እስቲ ይህ ጆሮ የት ይደርሳል ብዬ እኮ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«አባዬ በሁለተኛው ቀን ነው ያወቀው። ደስ ብሎት 'አካም ኦልቴ' አለህ፣ እንዴት ዋልክ ብሎህ። ምን ብለህ መለስክለት? 'እዚያ አንሄድም አባባ፣ መጨረሻችን ዳቢ ነው!'» ጉዲቱ የድልድዩን ብረት ተደገፈች። «ያን ቀን ቤት ገብቶ ጀሪካኑን ሳያስቀምጥ ነው ወለሉ ላይ የተቀመጠው፣ በሳቅ። እኔስ ዳቢ ባልኩህ ቁጥር የምስቀው ለጸጉርህ መስሎህ ነበር?»

መስሎት ነበር። አሁን ግን እሱን የሚያነሣበት ጊዜ አልነበረም። «ለሽማግሌዎቹ ለምን እንዲያ አሉ ታዲያ?»

«አጎቴ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ! ምን ይበለው?»

«እሺ፣ እኔን ለምን ሰጡኝ?»

ጉዲቱ የድልድዩን ብረት ለቀቀች። ነጠላዋን አስተካክላ እርምጃዋን ቀጠለች። «እኔም ጠየቅኩት» አለች። «'ቃሉን እንኳ አያውቀውም እኮ' አልኩት። 'አያውቀውም' አለኝ። 'ግን ዻቢ ባልኩት ቁጥር ይቆምልኛል። ቃሉን የሚያውቁት ሁሉ አልፈውኝ ነው የሄዱት።'»

ደግፌ ድልድዩ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉዲቱ ጥቂት ተራምዳ ስትዞር ከኋላዋ የለም። ተመልሳ መጥታ አጠገቡ ቆመች።